ልጄ የሚሰማው ዘፈን ሁሉ ስለ ቢላ ነው

ጥያቄ፦ «ደቡብ ለንደን የምንኖር ቤተሰብ ነን። የ14 ዓመት ወንድ ልጃችን ቀን ከሌት የሚሰማው ድሪል የሚባለውን ሙዚቃ ነው። ግጥሙን ፈልጌ ባነበው መውጋት፣ ማሳደድ፣ በሞተ ልጅ መሳለቅ ነው። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትምህርት ቤቱ ጠራን። ከአራት ጓደኞቹ ጋር ፊታቸውን ሸፍነው፣ በጣታቸው ምልክት እያሳዩ፣ ዘፈኑን ከፍተው የተቀረጹት አጭር ቪዲዮ ስናፕቻት ላይ ወጥቷል። የኔ ልጅ ከኋላ ቆሟል። አባቱ ስልኩን ነጥቆታል፤ ‹አዲስ አበባ እናቴ ዘንድ ይሂድና እዚያው ይማር› ብሎ ቆርጧል። ልጁን ስቆጣው ‹አባዬስ ሰርግ ላይ ዘራፍ ሲል ሰው ሊገድል ነው?› አለኝና መልስ አጣሁ። ይህ ዘፈን ልጄን ያበላሽብኛል? ምን ላድርግ?» እናት፣ ከለንደን

መልስ፦ እህታችን፣ ደብዳቤዎ ውስጥ ሁለት ጉዳይ ተቀላቅሏል፤ ልጅዎ የሚሰማው ዘፈንና ልጅዎ የታየበት ቪዲዮ። እንቅልፍ የነሳዎት የመጀመሪያው ይመስላል። እኛ ከሁለቱ ይበልጥ የምንፈራው ቪዲዮውን ነው። ድሪል የሚሰማ ልጅ ለንደን ውስጥ ሞልቷል። መልኩ ከአንድ ወገን ጋር ተያይዞ የተቀረጸ ልጅ ግን ችግሩ ሌላ ነው፤ ወደ እሱ እንመጣለን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ድሪል በ2010ዎቹ መጀመሪያ ቺካጎ ውስጥ፣ በከተማዋ ደቡባዊ ሰፈሮች የተወለደ የራፕ ዓይነት ነው። ብዙም ሳይቆይ ብሪክስተን ደረሰና የደቡብ ለንደን ልጆች ምቱንም አነጋገሩንም ለውጠው የራሳቸው አደረጉት። በ2021 አንድ የድሪል ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የብሪታንያ ሳምንታዊ ሰንጠረዥ አናት ላይ ወጥቷል። ስለዚህ ልጅዎ የሚሰማው የወንበዴ ምስጢር ሳይሆን የክፍል ጓደኞቹ የሚሰሙትን ነው። መስማቱ ብቻውን ስለ እሱ ብዙ አይነግርዎትም።

«ያበላሽብኛል?» ላሉት፣ ጥናቱ የሚለው «ያበላሻል» ብለው ከሚጮኹትም «ምንም አያደርግም» ብለው ከሚጮኹትም ያነሰ ነው። በ2003 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ከ500 በላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን በአምስት ሙከራዎች ፈትኖ፣ ጠብ ያለበት ግጥም የሰሙት ወዲያው የቁጣ ስሜትና የጠብ ሐሳብ ከሌሎቹ በልጦ እንደታየባቸው አሳይቷል። ይህ እውነተኛ ውጤት ነው፤ «ዘፈን ነው፣ ምንም አያደርግም» የሚሉትን ያስተባብላል። ግን የተለካው ሐሳብና ስሜት ነው እንጂ የተመታ ሰው አልተቆጠረም፤ ውጤቱም ቶሎ ሊጠፋ እንደሚችል ተመራማሪዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። በሌላ በኩል የአሜሪካን የወንጀል አኃዝ ቢያዩ፣ የኃይል ወንጀል ከሕዝቡ ብዛት አንጻር ጣሪያ የነካው በ1991 ነው። ከዚያ በኋላ ባለው አሥር ዓመት፣ የጠመንጃ ራፕ በሚሊዮን በሚቸበቸብበት በዚያው ዘመን፣ ወንጀሉ እየወረደ ሄደ። ዘፈኑ ዋናው ሞተር ቢሆን ኖሮ መስመሩ ወደ ላይ ይሄድ ነበር።

አንድ ተጨማሪ ጥናት ለባለቤትዎም ቢነግሩት አይከፋም። ካሪ ፍሪድ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪ በ1996 ባወጡት ሥራ፣ አንድን የቆየ ጠብ ያለበት ግጥም ወስደው ለአንዱ ቡድን «ራፕ ነው»፣ ለሌላው «ካንትሪ የሚባለው የአሜሪካ ገጠር ዘፈን ነው» ብለው አስነበቡት። ግጥሙ ቃል በቃል አንድ ነው። ራፕ ነው የተባሉት ግን ይበልጥ አደገኛ ሆኖ ታያቸው፤ መቆጣጠሪያ ይደረግበት ያሉትም እነሱ ናቸው። ልጅዎ ፉከራውን ያነሳብዎት ይህንኑ ሸትቶት ነው፤ ያው ጠብ በእናንተ አፍ ሲሆን ባህል፣ በእሱ ጆሮ ሲሆን ነውር የሆነው ለምን እንደሆነ አልገባውም።

መልሱ ደግሞ አለ። አባቱ ሰርግ ላይ ጎራዴ ወይም ዱላ ይዞ ዘራፍ ሲል ጠላቱ ማን ነው? ማንም። አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል፤ ሙሽራውም ይስቃል፣ ሴቶቹም እልል ይላሉ። ይኸው ፉከራ ደም ባለበት መንደር፣ የገዳይና የሟች ወገን ፊት ለፊት በተቀመጡበት ድግስ ላይ ቢሰማስ? ሽማግሌ ከመቀመጫው የሚነሳው ያን ጊዜ ነው። ለቅሶ ላይም አልቃሽ የሟቹን ወንድም በስም ጠርታ «ወንድ የለም ወይ» ብላ ስትገጥም፣ ግጥሟ ማዘኛ ብቻ እንዳልሆነ አገር ቤት ያደገ ሁሉ ያውቀዋል። ቃሉ አልተለወጠም። የተለወጠው ስም መጠራቱና ስሙ የተጠራበት ሰው ወይም ወገኑ መስማቱ ነው።

ከዚህ የከፋውን ለማየት ሩዋንዳን ማስታወስ ይበቃል። የዘፋኙ ሲሞን ቢኪንዲ ዘፈኖች በ1994ቱ የዘር ማጥፋት ጊዜ በአርቲኤልኤም ሬዲዮ ይለቀቁ ነበር። ታንዛኒያ፣ አሩሻ የነበረው የሩዋንዳ ጉዳይ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በ2008 የ15 ዓመት እስራት ፈርዶበታል። የተፈረደበት ግን ዘፈን በመዝፈኑ አልነበረም፤ መንገድ ላይ ከተሽከርካሪ በድምፅ ማጉያ ቱትሲዎች እንዲገደሉ በመቀስቀሱ ነው። ዳኞቹ ዘፈኖቹ ለጥላቻ ቅስቀሳ መዋላቸውን አልካዱም። ቢሆንም «ይህ ዘፈን ነው፣ ይህ ደግሞ ግደል የሚል ጥሪ ነው» ብለው ለመለየት ተገደዋል። እርስዎም ቤትዎ ውስጥ በትንሹ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው።

እንዴት? ከልጁ ጋር ሦስት ዘፈን ያዳምጡ፤ መራጩ እሱ ይሁን። ሃያ ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ካለፈ ስብከት ይሆናል። መኪና ካላችሁ መኪና ውስጥ ጥሩ ነው፣ ዓይን ለዓይን ስለማትተያዩ ያወራል። ግጥሙን ጂኒየስ ከሚባለው ድረ ገጽ ማውጣት ይቻላል፤ መስመሩን ሲነኩት አድማጮች የጻፉት ማብራሪያ ይከፈታል። ማብራሪያው አንዳንዴ የልጆች ወሬ ስለሆነ እንደ ማስረጃ አይውሰዱት።

ጥቂት ቃላት አስቀድመው ቢያውቁ አይጠፋብዎትም። ኦፕ ማለት የሌላው ወገን ልጅ ነው። ቺንግ፣ ሻንክ፣ ራምቦ የሚሉት ቢላውን ወይም መውጋቱን ነው፤ ዲፕና ስፕላሽም መውጋት ናቸው። ዋፕ ሽጉጥ ነው። ትራፕ ዕፅ መሸጥ፣ ባንዶ የሚሸጥበት ባዶ ቤት። ስኮርቦርድ የሚሉት ደግሞ ከየወገኑ ስንት ሰው እንደተወጋ የሚቆጥሩበት ነው፤ ይህ ቃል ከልጅዎ አፍ ከወጣ ጆሮዎን ያቁሙ።

ከዚያ ግጥሙን ሲያነቡ የሚፈልጉት የቢላውን ብዛት አይደለም። «በአራት በር መኪና መጣን፣ አየነው፣ ሮጠ፣ ጫማውን ጥሎ ሄደ» የሚለው ዓይነት ስንኝ በየዘፈኑ አለ። ስም የለውም፣ ሰፈር የለውም፣ ፍቅር ዘፈን ላይ «ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ አንገቷ» እንደሚባለው የተለመደ ድርደራ ነው። አብዛኛው የሰንጠረዥ ድሪል ይህ ነው፤ አስቀያሚ ሊሆን ይችላል፣ ለልጅዎ ግን ፊልም ነው። ሰፈር፣ የፖስታ ኮድ፣ የቡድን ቁጥር ሲጠራ ነገሩ አንድ እርምጃ ይቀርባል። ያን ጊዜ የሚጠየቀው ሰፈሩ የት ነው፣ ልጁ በዚያ ያልፋል ወይ ነው። የሞተ ልጅ በስሙ ሲጠራና ሲሳቅበት፣ ወይም ባለፈው ወር በዜና የሰማችሁት ጉዳት ሲተረክ፣ ያ ከእንግዲህ ዘፈን ብቻ አይደለም፤ ለሟቹ ወገን የተላከ መልእክት ነው። ሟቹን የሚያውቅ ልጅ ከልጅዎ ጋር አንድ ክፍል ወይም አንድ አውቶቡስ ላይ ካለ ደግሞ መልእክቱ በልጅዎ ስልክ በኩል እያለፈ ነው ማለት ነው።

የሚጠቅሙ ጥያቄዎች አጫጭር ናቸው። «ይሄ ስሙ የተጠራው ልጅ ማን ነው?» «የሚያውቀው ሰው ትምህርት ቤታችሁ አለ?» «ይህን ዘፈን ጮክ አድርገህ የማትከፍትበት አውቶቡስ አለ?» የመጨረሻዋን አይርሷት። ልጁ «አዎ፣ እዚያ ሰፈር ስንደርስ እናጠፋዋለን» ካለዎት የትኛው ዘፈን ፊልም፣ የትኛው መልእክት እንደሆነ ከእርስዎ በላይ ያውቃል ማለት ነው። ወላጆች የሚፈሩት ከልጁ የሚወጣውን ጠብ ነው፤ ልጁ ላይ የሚመጣውን ይረሳሉ። የአንዱን ወገን ዘፈን በሌላው ሰፈር፣ የአውቶቡስ ፎቅ ላይ ያለ ጆሮ ማዳመጫ መክፈት ማንንም ለመንካት ላላሰበ ልጅ መደብደቢያ ሊሆን ይችላል።

ይህ ንግግር የሚበላሸው ሁልጊዜ በአንድ መንገድ ነው። እናት መስመሩን ጮክ ብላ እያነበበች «እግዚኦ» ትላለች፣ ልጁ ይስቃል፣ አባት ይገባበታል፣ ያበቃል። ወይም ልጁ የነገረዎትን ነገር በሦስተኛው ቀን መቅጫ ያደርጉታል፤ ከዚያ በኋላ ምንም አይነግርዎትም። አስቀድመው ይንገሩት፦ «እዚህ የምትነግረኝን ለቅጣት አላውለውም፤ የሰው ሕይወት አደጋ ላይ ካለ ግን ዝም አልልም።» ሁለቱንም ይጠብቁ።

አሁን ስልኩ። አባቱ የነጠቀበትን ምክንያት እንረዳለን፤ ግን ስልኩ ልጁ ሲጨንቀው የሚደውልበትም ነው። የተነጠቀ የ14 ዓመት ልጅ ርካሽ ስልክ ከጓደኛ ያገኛል፣ ያንን ደግሞ እናንተ አታዩትም። መልሱለትና በሁኔታ ይያዝ፦ ማታ ከ4 ሰዓት በኋላ የሁሉም ስልክ፣ የእናንተም ጭምር፣ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ ያለበትን ቦታ የሚያሳየው ሎኬሽን ለእናንተ ይብራ፤ ኮዱን እናንተ ትወቁት፣ እንደምታውቁትም ይወቅ። በድብቅ መበርበር ከተያዙበት ወራት ያስከፍላል።

ማጣሪያ ትጭናላችሁ? ጫኑ፣ ግን ከእሱ የማይሆን ነገር አትጠብቁ። ስፖቲፋይ ላይ ሴቲንግስ ውስጥ «ኤክስፕሊሲት» የሚለውን፣ ማለትም ለልጅ አይሆንም የሚል ምልክት የተለጠፈበትን ዘፈን፣ መዝጋት ይቻላል፤ የቤተሰብ ፕላን ካላችሁ የፕላኑ ባለቤት ለልጁ አካውንት ይዘጋዋል። አይፎን ላይ ስክሪን ታይም ውስጥ ኮንቴንት ኤንድ ፕራይቨሲ ሪስትሪክሽንስ ገብታችሁ ሙዚቃውን «ክሊን» ታደርጉታላችሁ፤ የስክሪን ታይም ኮዱ ከስልኩ መክፈቻ ኮድ የተለየ ይሁን፣ አለበለዚያ ዋጋ የለውም። ይህ ግን የአፕልን ሙዚቃ እንጂ ስፖቲፋይንና ዩቲዩብን አይነካም። ዩቲዩብ ሪስትሪክትድ ሞድ የሚባል የራሱ ማጣሪያ አለው።

ችግሩ ያለው አሠራሩ ላይ ነው። ማጣሪያው ዘፈኑን አይሰማም፤ አቅራቢው የለጠፈበትን ምልክት ብቻ ያያል። ምልክቱ የመጣው በ1985 አሜሪካ ውስጥ፣ በሴናተሮች ፊት ከተካሄደ ክርክር በኋላ የሙዚቃ ኩባንያዎች በተስማሙት መሠረት ነው። ስድብ፣ ወሲብ፣ ዕፅና ጠብን በአንድ ጆንያ ይከታል። ስለዚህ «ክሊን» የተባለውን ቅጂ አንድ ጊዜ ከልጁ ጋር ሆነው ያዳምጡት። ድምፁ የሚቋረጠው ስድቡ ላይ ነው። ስድቡ ይጠፋል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው «ወጋሁት» ግን ብዙ ጊዜ ምንም ሳይነካ ያልፋል፣ የተወጋው ልጅ ስምም እንዲሁ። እኛ ብንሆን ስድቡን ትተን ስሙን ነበር የምናጠፋው።

ከማጣሪያው የሚሻለው ዩቲዩብ የሚመርጥለትን ማጽዳት ነው። የታዩትን ቪዲዮዎች ታሪክ አብራችሁ አጥፉ፣ ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተውን ኦቶፕሌይ ዝጉ፣ የማያስፈልገው ቻናል ሲመጣ «ዶንት ሬኮሜንድ ቻናል» የሚለውን ይጫን። ምክንያቱም አደጋው በሰንጠረዡ ታዋቂዎች ዘንድ ብዙ አይደለም። ከእነሱ ተነስቶ አንዱ ቪዲዮ ሌላውን እየጎተተ፣ ጥቂት ሺህ ሰው ብቻ የሚያያቸው የሰፈር ቻናሎች ዘንድ ሲደርስ ነው እውነተኛው ስምና እውነተኛው ጠብ የሚገኘው።

ወደ ስናፕቻቱ ቪዲዮ እንመለስ። ይህን ቪዲዮ ሁለት ዓይነት ሰው ሊያየው ይችላል። የመጀመሪያው ፖሊስ ነው። የለንደን ፖሊስ ከ2011ዱ ረብሻ በኋላ፣ በ2012 የወንበዴ ቡድን አባላት የሚላቸውን የሚመዘግብበት ጋንግስ ማትሪክስ የሚባል ዝርዝር ጀምሮ ነበር። አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2018 ባወጣው ሪፖርት፣ የሙዚቃ ቪዲዮና የማኅበራዊ ሚዲያ ግንኙነት ሳይቀር ልጆችን እንደሚያስመዘግብ፣ ከተመዘገቡትም እጅግ የሚበዙት ጥቁሮች እንደሆኑ አጋለጠ። በዚያው ዓመት የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ አሠራሩ ሕግ እንደጣሰ ወሰነ፤ ዝርዝሩም በ2024 ተዘጋ። ቪዲዮ መከታተሉ ግን አልቆመም። ከሰኔ 2021 እስከ ግንቦት 2022 ባለው አንድ ዓመት ብቻ የለንደን ፖሊስ ለማኅበራዊ ሚዲያና ለሙዚቃ ድርጅቶች የድሪል ይዘት እንዲመረመር 286 ጥያቄ አቅርቦ በ255ቱ ይዘቱ ወርዷል። ፍርድ ቤትም እንዲህ ያሉ ቪዲዮዎች ይቀርባሉ፤ ከኋላ የቆመው ልጅ «አባል» ተብሎ ይጠቀሳል። ካሊፎርኒያ በ2022 የዘፈን ግጥም በወንጀል ችሎት በቀላሉ ማስረጃ እንዳይሆን የሚገድብ ሕግ አውጥታለች። ልጅዎ የሚኖረው ግን ለንደን ነው፣ ይህን ከለላ ተማምኖ ካሜራ ፊት መቆም የለበትም።

ሁለተኛው ተመልካች የሌላው ሰፈር ልጅ ነው፤ እሱ ዳኛ አይጠብቅም። ስናፕቻት ላይ በ24 ሰዓት ይጠፋል ብለው አይጽናኑ፤ አንድ ልጅ ስክሪኑን ከቀረጸው ለዘላለም ይዞራል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቪዲዮውን ከልጁ ጋር ሆነው፣ ድምፁን አጥፍተው ይመልከቱት። ማን ነው የለጠፈው? የትምህርት ቤቱ ባጅ፣ የመንገድ ስም፣ የአውቶቡስ ፌርማታ ይታያል? የጣት ምልክቱ ዝም ብሎ ከዘፈን የተቀዳ ነው ወይስ የአንድ እውነተኛ ቡድን? አብሮ የሚሰማው ዘፈን የሞተ ሰው ስም ይጠራል? ከዚያ የለጠፈው ልጅ እንዲያወርደው ልጅዎ ራሱ ይጠይቅ፤ እምቢ ካለ ለስናፕቻት ሪፖርት አድርጉ። አንድ ጥንቃቄ አለ። ፖሊስ ስለ ቪዲዮው ጠይቆ ከሆነ ከስልኩ ላይ ምንም አታጥፉ፤ መጀመሪያ ጠበቃ ጠይቁ፣ ማስረጃ እንደማጥፋት ሊቆጠር ይችላል።

ለወደፊቱም «አልቀረጽም» የሚልበት ሰበብ ስጡት። የ14 ዓመት ልጅ በጓደኞቹ ፊት «ትክክል አይደለም» ማለት አይችልም። «አባቴ ቪዲዮ ላይ ካየኝ ያብዳል» ማለት ግን ይችላል። አባቱ ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማል፣ ክፉነቱን ያበድረው።

እንቅልፍ ሊነሱዎት የሚገባቸው ምልክቶች ከዘፈኑ ሌላ ናቸው። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጫማ ወይም ጃኬት፣ ሁለተኛ ስልክ፣ ከከተማ ውጭ የሆነ የባቡር ቲኬት፣ ሳይናገር ማደር፣ በድንገት አንድ አውቶቡስ ወይም አንድ መንገድ መፍራት፣ ሊያስረዳ የማይፈልገው ቁስል፣ ከወጥ ቤት የጎደለ ቢላ። የባቡር ቲኬቱና ሁለተኛው ስልክ አብረው ከመጡ ልጁን ዕፅ አመላላሽ ያደረጉት ትልልቅ ሰዎች ሊኖሩ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ልጁ ጥፋተኛ ከመሆኑ በፊት ተበዳይ ነው፣ እንደዚያው አነጋግሩት።

ስለ ቢላው ሕጉን በቀጥታ ይንገሩት፣ ምክንያቱም ብዙ ልጆች ተሳስተው ነው የሚያውቁት። በእንግሊዝ ከ10 ዓመት ጀምሮ ልጅ በወንጀል ይጠየቃል። ያለ በቂ ምክንያት ቢላ ይዞ መንገድ ላይ መገኘት ራሱ ወንጀል ነው፣ ለአዋቂ እስከ 4 ዓመት ያሳስራል፤ የወጥ ቤት ቢላም ያው ነው። «ራሴን ለመከላከል» በሕግ በቂ ምክንያት አይደለም። ለጓደኛ ቦርሳ ውስጥ ይዞ መቆየትም መያዝ ነው።

ለአስቸኳይ አደጋ 999፣ ለማይቸኩል ጉዳይ 101 ይደወላል። ስም ሳይገልጹ ጥቆማ ለመስጠት ክራይምስቶፐርስ 0800 555 111 ነው። ወላጅ ስለ ልጅ ደኅንነት የሚያማክርበት የኤንኤስፒሲሲ መስመር 0808 800 5000፣ ልጁ ራሱ የሚደውልበት ቻይልድላይን 0800 1111።

አዲስ አበባ የመላኩ ነገር ላይ ከባለቤትዎ ጋር አንስማማም። ቲክቶክና ቴሌግራም አያቱም ቤት አሉ። ልጁ ለዋናው ፈተና፣ ለጂሲኤስኢ የሚዘጋጅበት ትምህርት የሚጀመረው በዚህ ዕድሜው ነው፤ አንድ ዓመት ከጎደለ ተመልሶ መግባት ከባድ ነው፣ ትምህርት የተቋረጠበት ልጅ ደግሞ መንገድ ላይ ለሚጠብቁት ይመቻል። አያቱ ሰባ ዓመት ካለፋቸው፣ ራሳቸው እንክብካቤ የሚያስፈልጋቸው ሰው የልጁ ጠባቂ ይሆናሉ። የመኖሪያ ወረቀቱም አለ፦ ልጁ የብሪታንያ ዜግነት ከሌለውና የያዘው የዘለቄታ ፈቃድ ከሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ በተከታታይ ከ2 ዓመት በላይ ውጭ ከቆየ ፈቃዱ ይወድቃል። ለክረምት ዕረፍት ይሂድ፣ ደስ ይበለው፤ የመመለሻውን ቲኬት ግን ከመሄዱ በፊት ያሳዩት፣ አለበለዚያ በጉዞው ቀን ከቤት ላታገኙት ትችላላችሁ። ሕይወቱ ላይ እውነተኛ ዛቻ ካለ ግን ነገሩ ይለወጣል። ያን ጊዜ ክረምት አይጠበቅም፤ ለፖሊስና ለካውንስሉ የሕፃናት አገልግሎት በዚያው ቀን ተናግራችሁ፣ ሌላ ከተማ ያለ ዘመድ ዘንድ ይረፍ።

ልጁ ግጥም የሚጽፍ ከሆነ አይከልክሉት። እውነተኛ ስምና እውነተኛ ሰፈር አያስገባ፣ ሌላው የእሱ ነው።

ትምህርት ቤቱ በድጋሚ ሲጠራዎት ዴዚግኔትድ ሴፍጋርዲንግ ሊድ የሚባለውን የልጆች ደኅንነት ኃላፊ ያነጋግሩ፤ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት አለው። አማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመው ይጠይቁ፤ ልጁ ራሱ እንዳያስተረጉም፣ የራሱን ክስ የሚያስተረጉም ልጅ ግማሹን ይውጠዋል። ሦስት ነገር በጽሑፍ ይስጡኝ ይበሉ፦ በልጄ ፋይል ላይ ምን ተመዘገበ፣ ቪዲዮው ለፖሊስ ተሰጥቷል ወይ፣ ትምህርት ቤቱ ምን ድጋፍ ይሰጠዋል። ፖሊስ ልጁን ሊያነጋግር ከፈለገ ከ18 ዓመት በታች ስለሆነ ወላጅ ወይም ሌላ አዋቂ ሳይኖር ቃሉን አይቀበሉትም፤ ፖሊስ ጣቢያ ጠበቃ በነጻ ይመደባል። «ጠበቃ ከጠራን ጥፋተኛ እንመስላለን» የሚሉ ዘመዶችን አይስሙ፤ ጠበቃው እስኪደርስ ድረስ ስለ ቪዲዮውም ሆነ ስለ ዘፈኑ በቀልድ እንኳ ቃል አይውጣችሁ።